በፊልሙ ውስጥ የጠፋው አንድ ዓመት



በዚህ ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ፣ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎቻችንን ሰብስበን አንድ ፊልም አሳይተናቸው ነበር። መጋረጃውን ዘግተን ቬንትሌተሩን ከፈትን፤ ወንበር ያልበቃቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተመለከቱ። ፊልሙ «ወጣቷ ሴት እና ባሕሩ» ይባላል። በ2024 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ዮአኪም ሮኒንግ፣ ዋናዋ ተዋናይት ደግሞ ዴይዚ ሪድሊ ናት። የሚተርከውም የእንግሊዝን ቻናል በዋና የተሻገረችውን የመጀመሪያዋን ሴት፣ የገርትሩድ ኤደርሊን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ስለ ተዋናይቷ ወይም ስላልገባት እንግሊዝኛ የምትጠይቅ መስሎን ነበር። እሷ ግን፣ «ቲቸር፣ ባሕሩ ለእኛ ከእሷ ይበልጥ ይቀርበን የለም እንዴ? ታዲያ እኛ ለምን ዋና አንችልም?» አለች። ጓደኞቿ ሳቁ። እኛ መምህራኑ ግን እርስ በርስ ተያይተን መልስ አጣን። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ባለታሪኳ ጥቂት እንበል። ገርትሩድ፣ ቤተሰቧ እንደሚጠራት ትሩዲ፣ በ1905 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቡ ከጀርመን የፈለሰ ነበር፤ አባቷም ሉካንዳ ቤት ነበረው። በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ጆሮዋን ጎዳው። ዋና የተማረችው አባቷ ወገቧን በገመድ አስሮ ውሃ ውስጥ እየለቀቃት ነው። ኋላም ሴቶች ለሴቶች ባቋቋሙት የኒው ዮርክ የዋና ማኅበር ውስጥ ሠለጠነች። በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ በቡድን ቅብብል ወርቅ፣ በግል ደግሞ ሁለት ነሐስ አገኘች። ነሐሴ 6 ቀን 1926፣ በ20 ዓመቷ፣ ከፈረንሳይ ጠረፍ ካፕ ግሪ ኔ ከሚባለው ቦታ በማለዳ ውሃ ገብታ፣ ከ14 ሰዓት ተኩል በላይ ዋኝታ፣ በምሽት እንግሊዝ አገር ኪንግስዳውን ዳርቻ ወጣች። ከእሷ በፊት ቻናሉን በዋና የተሻገሩት አምስት ወንዶች ብቻ ነበሩ። እሷ ግን ከመካከላቸው ከፈጣኑም በሁለት ሰዓት ያህል ቀደመች። ሴት አትችልም ሲሉ የነበሩ ሁሉ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ መልሳቸውን አነበቡ።

በእኛም ቋንቋ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል አባባል አለ። ልጆቻችን ይህን ተረት ከእኛ ከታላላቆቻቸው አፍ ይሰሙታል። በዚያ ምሽት በእንግሊዝ ዳርቻ ላይ ያለቀው ነገር ግን በወንድ አላለቀም፤ በአንዲት የባለ ሉካንዳ ልጅ ክንድ ነው ያለቀው።

ስለ ፊልሙ ያለንን አስተያየት በግልጽ እንናገር። ጥሩ ፊልም ነው፤ ልጆች ቢያዩት ይጠቀማሉ። አንድ ትልቅ ነገር ግን ቆርጦ አስቀርቷል። ትሩዲ ቻናሉን ለመሻገር የሞከረችው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ነሐሴ 18 ቀን 1925 ነበር። ከስምንት ሰዓት በላይ ከዋኘች በኋላ፣ አሠልጣኟ ትውጣ ብሎ አዘዘና ሰው ነካት፤ በሕጉ መሠረት ሰው የነካው ዋናተኛ ሙከራው አይቆጠርለትምና በዚያው ቀረ። እሷ ዕረፍት አድርጌ ነበር እንጂ አልደከምኩም ብላ አጥብቃ ተከራከረች። ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፊልሙ ግን ይህን ዓመት አጥብቦ፣ ውድቀቱንና ድሉን በጥቂት ቀናት ልዩነት አስቀምጦታል። ለፊልም ሠሪ ይህ የተለመደ ነው፤ ተመልካች ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ለትምህርት ቤት ግን ዋናው ነገር ያ የጠፋው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ትሩዲ ያደረገችውን እንመልከት። አሠልጣኝ ቀየረች፤ በ1911 ቻናሉን ራሱ በዋና የተሻገረውን ቢል በርጀስን ያዘች። የመጀመሪያው አሠልጣኟ ጄቤዝ ዉልፍ ብዙ ጊዜ ሞክሮ አንድም ጊዜ ያልተሻገረ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ሴቶች የሚለብሱት የዋና ልብስ ውሃ ሲጠጣ የሚከብድና የሚፈገፍግ ስለነበር፣ ከእህቷ ከማርጋሬት ጋር ሆና ቀለል ያለ ልብስ አዘጋጀች። የዋና መነጽሯ ጨው ውሃ እንዳያስገባ ዙሪያውን በሰም አሸገች። ለብርዱ ሰውነቷን በስብ ለመቀባት ተዘጋጀች። ለወጪው የሚሆን ገንዘብ የሚሰጣት ጋዜጣ አገኘች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የባሕሩን ሞገድ መጥቶ የሚመለስበትን ሰዓት አጠናች። ቻናሉ በጠባቡ ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሞገዱ ወዲያና ወዲህ ስለሚገፋት ግን እሷ የዋኘችው ወደ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። አባቷና እህቷ፣ አሠልጣኟም፣ በጀልባ አጠገቧ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ባሕሩ ሲናወጥ ውጪ ቢሏት ምክንያቱን መልሳ ጠየቀች እንጂ አልወጣችም። ይህን ያለችው ደፋር ስለነበረች ብቻ አይደለም፤ ሰውነቷ ምን ያህል እንደሚችል በአንድ ዓመት ልምምድ ስላወቀች ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ልጆቻችን ሰልችተውናል። ሆኖም ነገሩ እውነት ነው። እንቁላሉና እግሩ መካከል ያለው ጊዜ በፊልም አይታይም፤ በክፍል ውስጥ፣ በቤት ሥራ ደብተር ላይ ግን ይታያል።

ወላጆች፣ ለምን ይህን ያህል አጥብቀን እንናገራለን ትሉ ይሆናል። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ስለምንኖር ነው። ከተማችን ከሁለትና ከሦስት ወገን ባሕር የከበባት ናት። ልጆቻችን ከሲዬስታ ዳርቻ ሆነው ፀሐይ ሲወጣ ያያሉ፤ ቅዳሜ ቀን ከዘመድ ጋር ወደ ዶራሌ ይወርዳሉ። ከዚህ በሰሜን በኩል ከኦቦክ ወዲያ ያለው ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ትሩዲ ከተሻገረችው ቻናል ያንሳል። የዐረብኛ ስሙ «የእንባ በር» ማለት ነው። በዚያ ውሃ ላይ ምን እንደሚደርስ እዚህ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። በሚያዝያ 2024 ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከየመን ወደዚህ ይመለሱ የነበሩ ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጎዶሪያ አካባቢ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የእኛው ወገኖች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ሕፃናት ነበሩበት።

ልጆቻችን ዋና ቢማሩ ያ ሞት ይቀራል ብለን አናታልላችሁም። ከጠረፍ ርቆ በተጨናነቀ ጀልባ የተገለበጠ ሰው ዋና ቢችልም ሊሞት ይችላል። ማለት የፈለግነው ሌላ ነው። ደላላው ለወጣቱ የሚሸጥለት ነገር ልክ እንደ ፊልሙ ነው፤ ዛሬ ተነሣ፣ ነገ ደረስክ ይለዋል። በመካከል ያለውን ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ዝግጅቱን፣ አደጋውን፣ ብሩን ቆርጦ ያወጣዋል። ፊልሙ ይህን ሲያደርግ ሁለት ሰዓት ስላለው ነው፤ ደላላው ግን ገንዘብ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን «እዚህ መካከል ምን ተቆረጠ?» ብለው መጠየቅን ካልለመዱ፣ በአዳራሽ ያጨበጨቡለት ጀግንነት ነገ በኦቦክ ዳርቻ ሊያስከፍላቸው ይችላል ብለን እንሰጋለን። ትሩዲ ባሕሩን የደፈረችው ስላጠናችው ነው። ሳያጠኑ መድፈርና አጥንቶ መድፈር አንድ አይደሉም።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። እኛ ለምን ዋና አንችልም?

አንደኛው ምክንያት እኛው ነን። ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዓመታት ስለ ባሕር ለልጆች ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አትጠጉ»። ማስጠንቀቁ ስህተት አልነበረም፤ ብቻውን መቅረቱ ግን ስህተት ነበር። አብዛኞቻችን መምህራን ከደጋ የመጣን ነን። ባሕር ያየነው ካደግን በኋላ፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ እዚህ ስንደርስ ነው። የራሳችንን ፍርሃት ለልጆቻችን እንደ ደንብ አስተማርናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት ቤት ልጆች ዋናንና ከውሃ አደጋ ራስን መጠበቅን ማስተማር ነው። እኛ ይህን ለማድረግ ዘገየን፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ቤት ውስጥ ያለ ነው። ከፊልሙ በኋላ በመዋኛ ገንዳ የሚሰጥ የዋና ትምህርት ለመጀመር አስበን ለወላጆች የፈቃድ ቅጽ ላክን። ከወንዶቹ ልጆች ቅጽ አብዛኛው ተፈርሞ ተመለሰ። ከሴቶቹ ግን ብዙው ወይ ሳይፈረም መጣ፣ ወይ እስከ ዛሬ አልመጣም። አንዳንድ እናቶችና አባቶች ቢሯችን ድረስ መጥተው ምክንያታቸውን ነገሩን፤ እናመሰግናቸዋለን። የሰማነውን በአክብሮት እናነሣና መልሳችንን እንሰጣለን።

«ለሴት ልጅ ልብሱ ነውር ነው» ያሉን አሉ። ሃይማኖታቸው የተለያየ ወላጆች በዚህ አንድ ሆነው መጥተዋል። ጭንቀቱ ይገባናል። ስለዚህም የሴቶቹ ሰዓት ከወንዶቹ የተለየ ይሆናል፤ የምታስተምራቸው ሴት ትሆናለች፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ የምትፈልግ ልጅም ያንኑ ትለብሳለች። እናት መጥታ ዳር ብትቀመጥ በራችን ክፍት ነው።

«ፈተና አለባት፣ ጊዜ ያባክንባታል» ያሉም አሉ። የትምህርቱ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ነው። ያችው ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንደምታሳልፍ ወላጅ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

«ፀጉሯ ይበላሻል፣ ፀሐይ ያጠቁራታል» የሚል ምክንያትም ሰማን። ፈገግ አልን፤ ግን አልናቅነውም፤ ለልጅ ማሰብ ነውና። ፀጉር በቆብ ይሸፈናል። ለፀሐዩም ጠዋት በማለዳ እንጀምራለን፤ በጅቡቲ ሙቀት ከዚያ በኋላ ማንም አይሞክረውም።

ከሁሉ የከበደን ግን አንድ አባት በዝግታ የተናገሩት ነው። «ዋና ከቻለች ባሕሩን ትደፍራለች፤ ከደፈረች ደግሞ ትሄድብኛለች» አሉን። ለዚህ ቶሎ መልስ አልሰጠናቸውም። አስበንበት አሁን እንመልሳለን። ልጅ የሚሄደው ዋና ስለቻለ አይደለም። በእነዚያ ጀልባዎች ላይ ከተሳፈሩት ውስጥ ብዙዎቹ ዋና የማይችሉ ነበሩ፤ አለማወቃቸው ከመሄድ አላስቀራቸውም። ይልቅስ ውሃን በትክክል የተማረች ልጅ የውሃን ጉልበት ታውቃለች። ሃምሳ ሜትር ዋኝታ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ በክንዷ ለክታ ታውቀዋለች። ደላላ በቀላሉ የሚያታልለው ያልለካውን ነው።

በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን አንድ ትዕይንት ወላጆች እንድታስቡበት እንፈልጋለን። በከተማዋ ወደብ አንዲት መርከብ ትቃጠላለች። የትሩዲ እናት ሴቶቹ ለዳርቻው ያን ያህል ቀርበው ለምን እንዳለቁ ትጠይቃለች፤ ዋና ስለማይችሉ ነው ይሏታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጆቿ ዋና መማር አለባቸው ብላ ትነሣለች። ትዕይንቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1904፣ ትሩዲ ከመወለዷ በፊት፣ «ጄኔራል ስሎከም» የምትባል መርከብ በኒው ዮርክ ኢስት ሪቨር ላይ ተቃጥላ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ከሞቱት አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ የጀርመን ስደተኛ ማኅበረሰብ እናቶችና ልጆች ነበሩ። ከባዕድ አገር የመጣ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖር፣ በበዓል አብሮ የሚወጣ ማኅበረሰብ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ። የባሕሩ ታሪክ የጀመረው በጀግና ሴት ልጅ ሳይሆን ቅጽ በፈረመች እናት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በእኛ አገር ወንዝ ዳር ያደገ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ወንዱ ልጅ ወንዝ የሚወርደው ሊዋኝ ነው፤ ሴቷ ልጅ የምትወርደው ውሃ ልትቀዳ ነው። ሁለቱም ከአንድ ውሃ ዳር ውለው ዋናውን የሚያውቀው አንደኛው ብቻ ነው። ችሎታው ከተፈጥሮ ስላልመጣ አይደለም፤ ጊዜው ስላልተሰጣት ነው። ጊዜው ሲሰጣት ምን እንደምታደርግ አይተናል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስትሮጥ ከእሷ በፊት አንድም ኢትዮጵያዊት የኦሊምፒክ ሜዳልያ አልነበራትም። ወርቁን ወሰደች። በ2000 በሲድኒ ደገመችው። በ2009 ደግሞ፣ በ37 ዓመቷ፣ ትሩዲ በተወለደችበት በኒው ዮርክ የማራቶን አሸናፊ ሆነች። ደራርቱ በሩን ከከፈተች በኋላ ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር ገቡ። በዋናም ቢሆን ያኔት ሥዩም በ2012 በለንደን፣ ራሔል ፍሥሐ በ2016 በሪዮ በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ለኢትዮጵያ ቀርበዋል። ሜዳልያ አላመጡም፤ ግን መስመሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ሰው ሲቆም ሌላው ይከተላል። ትሩዲ ከተሻገረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ቻናሉን በዋና የተሻገረችው ሁለተኛዋ ሴት፣ ሚሊ ጌድ ኮርሰን፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። እናቶቻችን ይህችን ስም ልብ በሉልን።

ፊልሙ በድል ያበቃል። በእርግጥም ትሩዲ ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ሕዝብ ጎዳናውን ሞልቶ፣ ከፎቅ መስኮት ወረቀት እየበተነ ተቀበላት። ሕይወቷ ግን እዚያ አላበቃም። ጆሮዋ እየደከመ ሄደ። በ1933 ወድቃ ጀርባዋ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከእንግዲህ አትራመድም ያሏትም ነበሩ። ተነሥታ ተራመደች፤ ዋኘችም። ኋላም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዋና አስተማረች። በ2003፣ በ98 ዓመቷ፣ አረፈች። እኛ መምህራን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንዱን ምረጡ ብንባል፣ የ14 ሰዓቱን ሳይሆን እነዚያን ልጆች ያስተማረችበትን ጊዜ እንመርጣለን። መስማት የማይችል ልጅ ፊት ቆሞ በእጅ ምልክት «ተንፍስ፣ ክንድህን ዘርጋ» ማለት ካሜራ የማይከተለው ሥራ ነው። የእኛም ሥራ ከዚያ ወገን ነው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት የወሰንነውን እንናገር። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር የዋናው ትምህርት ፈቃድ ካገኙት ልጆች ጋር ይጀምራል። በመጀመሪያው ወር ማንም አይዋኝም፤ ውሃ ውስጥ መተንፈስ፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ የሚሰጥም ሰው ሲያዩ ዘለው ሳይገቡ ገመድ ወይም እንጨት መወርወርና ሰው መጥራት ይማራሉ። «ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» እንዲሉ፣ ሊያድነው የገባውንም ይዞት ይሰጥማልና ይህን ማወቅ ከመዋኘት ይቀድማል። ከመምህራኖቻችንም የማይችሉት ከልጆቹ ጋር አብረው ይማራሉ። በአምሳዎቹ ዕድሜ ላይ የምንገኝ ሰዎች በገንዳ ዳር በቆብ ስንታይ ተማሪዎቻችን ቢስቁብን ፈቅደንላቸዋል።

ለወላጆች የምንለው አንድ ነገር ነው። ቅጹ ቤታችሁ ውስጥ፣ ምናልባት ቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ከመብራት ደረሰኙ ጋር ተቀምጦ ይሆናል። የወንድ ልጃችሁን ፈርማችሁ የሴቷን ካስቀራችሁ፣ ለምን እንደሆነ ለእሷው ንገሯት። ነግራችኋት ምክንያቱ ለራሳችሁ ጆሮ ካላጠገባችሁ ደግሞ ፈርሙላት።

ለጠየቀችን ተማሪም መልሳችን ይኸው ነው። ልጃችን፣ ዋና የማንችለው ባሕሩ ስለራቀ አይደለም፤ በመካከል ያለውን ዓመት ማንም ስላልሰጠሽ ነው። ያን ዓመት ልንሰጥሽ ወስነናል። አንቺም ስትጨርሺው፣ ከአንቺ በታች ላሉት አስተምሪያቸው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ። በመስከረም በደኅና ያገናኘን።